የግራዝማች ጓንጉል የጦር ጉርድ

አንድ ቀን፣ ሁዳዴ ሊገባ ተቃርቦ ክርስቲያኑ ሁሉ ቅበላውን በሥጋ በሚያጣድፍበት ሰሞን፣ ግራዝማች ጓንጉል አንድ ጥቅል በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ልብስ ሰፊው ይመር መጡ። ለወትሮው እንኳን ጥቅል፣ ከዘራቸውንም አሽከር ነበር የሚይዝላቸው። ዛሬ ግን ዙሪያ ገባውን እያዩ፣ የሰረቁት ዕቃ ያለ ይመስል፣ ብቻቸውን ነው የመጡት።

ይመር የሚሠራው ደሴ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው የግራዝማች ቤት በረንዳ ላይ ነው። የእግር ስፌት መኪናውን እዚያ ከተከለ ብዙ ክረምት አልፏል። የግራዝማች ቤተሰብ ልብስ በተቀደደ ቁጥር የሚጠግነው እሱ ነበር፤ የድካሙን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ግን መልሳቸው ሁልጊዜ ያው ነው። «በረንዳዬ ላይ ተቀምጠህ የለም እንዴ?» ይሉታል። ይመርም አፉን ዘግቶ ወደ መርፌው ይመለሳል። አፉን የሚዘጋው ግን ለእሳቸው ብቻ ነው። በተረፈ በምላሱ የታወቀ ሰው ስለነበር፣ ልብስ የማያሰፋው ሰው ሁሉ ለጨዋታው ሲል በረንዳው ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ይውላል። ያን ቀን ግራዝማች እነዚህን ሁሉ ገላምጠው አስነሷቸው። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጥቅሉን ፈቱት።

ይመር ገና ጫፉን ሲያይ አወቀው። ያን ልብስ ደሴ ላይ የማያውቅ የለም። ጣልያን በተባረረበት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ አንድ የእስኮትላንድ ሰው፣ ከተማው አፉ እንደቻለለት «ሻምበል መክሬ» የሚለው፣ ወባ ጥሎት በግራዝማች ቤት ተኝቶ ነበር። ድኖ ሲሄድ፣ የአገሩ ወንዶች በክብር ቀን የሚታጠቁትን ኪልት የሚባል ልብስ ለባለውለታው ሸልሞ ሄደ። ወፍራም ሱፍ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ መስመር ተጣልቶበታል። ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ኋላው ከዳር እስከ ዳር ሽንሽን ነው። ከወገብ ላይ በጠፍርና በዘለበት ይቆለፋል፣ ከታች ጉልበት ላይ ያበቃል። ግራዝማች በተነፋነፍ ሱሪያቸው ላይ ደርበው በየበዓሉ ይታጠቁት ነበር። እሳቸው ባሉበት ስሙ «የጦር ልብስ» ነው። እሳቸው በሌሉበት ግን «የግራዝማች ጉርድ» ነው።

ሲሸለሙት ገና ከዱር የገቡ አርበኛ ነበሩ፤ ወገባቸው እንደ ተርብ ወገብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ። ግራዝማች ለሰው እጃቸው የማይፈታ ንፉግ ይሁኑ እንጂ ለራሳቸው አፍ ስስት አያውቁም፤ ቅቤው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ጠጁ ሥራውን ሠራ። ቦርጫቸው ከእሳቸው አንድ እርምጃ ቀድሞ በር የሚገባ ሆነ። እና አሁን ያ ሻምበል መንገድ ሊያጠና ወደ አሥመራ ሲሄድ ከፋሲካ በኋላ በደሴ እንደሚያልፍ መልእክት ደረሳቸው። በሽልማቱ ታጥቀው ካልተቀበሉት ሞት ነው። ሊታጠቁት ቢሞክሩ ደግሞ ጠፍሩና ዘለበቱ በቦርጫቸው ግራና ቀኝ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ራቅ ራቅ ብለው ቀሩ።

«ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ጨርቁ ተኮማትሯል» አሉት ግራዝማች።

ይመር ጨርቁን አየ፤ ቦርጩን አየ፤ ሳቁን በሳል አሳለፈው። አዎ፣ ሱፍ ይኮማተራል አለ። ከዚያም ኪልቱን ገልብጦ እያገላበጠ ሲመረምረው ቆየ። ተስፋ ያለው ሽንሽኑ ውስጥ እንደሆነ ገባው። እያንዳንዱ እጥፋት በሆዱ ብዙ ጨርቅ ደብቋል፤ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢለቀቅና ዘለበቱ ወዲያ ቢሻገር፣ ሳይቀደድና ሌላ ጨርቅ ሳይጨመርበት ግራዝማችን ያቅፋል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሳሰበው። ሰውየው የሚለኩት በቅበላ ነው፤ የሚታጠቁት ግን ከሁዳዴ በኋላ ነው። ቀስ ብሎ፣ እንዳያስቀይማቸው ቃል እየመረጠ፣ ሰውነት ድንጋይ አይደለምና ልኩን ጾሙ ሲጋመስ ብንወስደው ይሻላል አላቸው። እሱም ካልሆነ ሁለተኛ ዘለበት ይጨመርበት፤ ሰውነት ሲከሳ በአንዱ፣ ሲወፍር በሌላው ይቆለፋል አለ።

ግራዝማች ሁለተኛ ዘለበት ሲባል ከኪሳቸው የሚወጣውን አስበው ፊታቸው ጠቆረ።

«ስማ ይመር፤ ጾም የሚያከሳው ድሃን ነው» አሉ። «የእኔ ሰውነት አይለወጥም። አንድ ወገብ አለኝ፣ አንድ ዘለበት ይበቃኛል። ደግሞም አንድ ጥፋት ባገኝበት መኪናህን ተሸክመህ ከበረንዳዬ ትወርዳለህ።»

ይመር ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ለክቶ፣ በሳሙና ቁራጭ ምልክት አድርጎ፣ ሽንሽኑን አንድ በአንድ ፈቶ እንደገና አጠፈው። ሙያው አስደስቶት እንጂ ሰውየው አስደስተውት አልነበረም። ሲጨርስ የቀድሞውና የአሁኑ አይለይም፤ መስመሩ ከመስመሩ ሳይዛነፍ ገጥሟል። ግራዝማች ታጠቁት፣ ዞሩ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ልክክ አለ። ምስጋና ሳይወጣቸው ጠቅልለውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሁዳዴ ገባ። ግራዝማች ጾሙን አጥብቀው የሚጾሙ ሰው ነበሩ፤ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ስለሚጾም ጾሙ ለጎተራውም ይስማማል። ጠዋት የለም፣ ቀትር የለም፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሽሮ በደረቁ ነው። ይመር በበረንዳው ላይ ሆኖ ያ ቦርጭ ሲገባና ሲወጣ ያየዋል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተሰናበተ ሄደ። በመጨረሻ በር ላይ ግራዝማች ራሳቸው ቀድመው መግባት ጀመሩ። ይመር ያን ጊዜ እንቅልፍ አጣ። ሚስቱ መዲና ምን ሆንህ ብትለው የግራዝማች ቦርጭ ጠፋ አላት። የሰው ቦርጭ አንተን ምን አገባህ ብላ ፊቷን አዞረች። ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀር ደፈረና ልብሱን አንድ ጊዜ ይለኩት ብሎ ለመናቸው። ደካማ በሆነ ድምፅ ሰውነቴ አይለወጥም አላልሁህም ወይ ብለው መለሱት። ከሳሁ ማለት ድሃ ነኝ ማለት መስሏቸው ነበርና ሳጥኑን አላስከፈቱም።

ሻምበል መክሬ ፋሲካ ገና በዋለ በማግስቱ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ድንኳን ተጥሎ፣ ሹማምንቱ በወንበር፣ ሕዝቡ በአጥር ላይ ሳይቀር ተሰብስቧል። ይመርም የእጁን ሥራ ለማየት፣ ደግሞም በፍርሃት፣ ከፊት ቆሞ ነበር። ግራዝማች ብቅ አሉ። ኪልቱን አጥብቀው ቆልፈውታል፤ ጠፍሩ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ግራ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነች። ለሰው ግርማ ይመስላል። ይመር ግን የዚያች እጅ ሥራ ምን እንደሆነ አውቋል፤ ግርማውን ተሸክማ የቆመችው እሷ ነች። አላህ፣ ዛሬ ብቻ ይህችን እጅ አጽናት ብሎ ለመነ።

ሻምበሉ ከመኪናው ወረደ። እሱም እንደ ድሮው አልነበረም፤ ፀጉሩ ሳስቶ ሆዱ ሞልቷል። ግራዝማችን ሲያይ፣ የሸለመውን ልብስ ከእነ ክብሩ ሲያይ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረና ሁለት እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲመጣ በአንድ እጅ አይታቀፍም። ግራዝማችም ነውር ሆኖባቸው ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።

ኪልቱ ምንም ሳይቸኩል ወረደ። ጭን ላይ አልቆመም፣ ጉልበት ላይ አልቆመም፤ እግራቸው ሥር እንደ እንቅብ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ግራዝማች መሐሉ ቆመው ቀሩ። ከላይ ካባ፣ ከታች ተነፋነፍ። ያን ተነፋነፍ ኪልቱ ይሸፍነው የለ ብለው አዲስ ስላላሰፉ፣ መቀመጫው ላይ ከአሮጌ የዱቄት ጆንያ የተቆረጠ እራፊ ነበረበት፤ የጆንያውም ጽሑፍ ገና አልለቀቀም።  ከዚያ ከአጥሩ ላይ አንድ ሰው ሳቀና ወደቀ፤ የእሱን መውደቅ አይቶ ሌላው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ሹማምንቱ እንኳ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሻምበሉ ራሱ ጎንበስ ብሎ ኪልቱን አነሳና ወገባቸው ላይ ጠመጠመላቸው። የራሱን ሆድ መታ መታ እያደረገ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ሳቁ እያቋረጠው እንደተረጎመው፣ እኔም ቤቴ ያለው የራሴ እምቢ ካለኝ ሰነበተ፤ እርስዎስ ታድለው ወርዶልዎታል ማለቱ ነበር።

ይህ ለሻምበሉ ጨዋታ ነው። ለግራዝማች ግን መቃብር ነው። እንግዳው እንደሄደ ይመርን ከሰሱት። በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ ሆን ብሎ ልብሴን አበላሸ፤ ከበረንዳዬ ይነሳልኝ፣ ለክብሬም ካሳ ይክፈለኝ የሚል ክስ ነው። ጉዳዩ በቀጠሮ እየተገፋ ከፋሲካ እስከ ሰኔ መግቢያ ደረሰ። ይመር በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ አልወረደለትም። ከዚያ በረንዳ ቢነሳ የሚሄድበት የለውም። አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር ቢል፣ ሲነግራቸው የሰማ ሰው የለም፤ ሰሚዎቹን ሁሉ ያስነሷቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የግራዝማች ቃልና የልብስ ሰፊ ቃል ሚዛን ላይ ቢቀመጡ የትኛው እንደሚያነሳ ያውቃል።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዳኛው አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ፣ ቀልድ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ግራዝማች ካባቸውን ጥለው፣ ከዘራቸውን ወደ ይመር እየሰነዘሩ፣ እንደ ጥንት ተሟጋች ክሳቸውን አሰሙ። ለምስክርነትም ኪልቱን ከጥቅሉ አውጥተው ዘረጉት። ዳኛው አዩትና፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ለማን ልክ እንደሆነ ለማን እንዳልሆነ አይናገርም፤ ይታጠቁትና እንየው አሉ።

ግራዝማች ይህን አላሰቡም ነበር። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም የለም። ቅቤው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ጠጁ ሁሉም በየቦታው ተመልሷል። ግን እምቢ ማለት አይቻልም፤ ታጠቁት። ከዚያ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡና ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። እውነትም በጨርቁና በሆዳቸው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ታየ። በጣታቸው ክፍተቱን ለዳኛው አሳዩ። ዳኛው ተመልክተው፣ ልብሱን ለልብስ ሰፊው የሰጡት መቼ ነበር ብለው ጠየቁ። ግራዝማች አልመለሱም። ዳኛው ደገሙ። የግራዝማች ፊት ቀላ፤ ቀጥሎ ጉበት መሰለ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ሰው መመለስ ያለበትን ጥያቄ ያለ ትንፋሽ አይመልስም። በመጨረሻ «በቅበላ!» ብለው ሲፈነዱ ሆዳቸው አብሮ ፈነዳና ኪልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ልክክ አለ። አንዲት ጣት አታስገባም።

ችሎቱ ሲስቅ ይመር አልሳቀም። ገና አልዳነም፤ ግራዝማች እጃቸውን እንዲህ በቀላሉ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ዛሬ ልክ ቢሆን ምን ይጠቅማል?» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ያን ቀን በእንግዳዬ ፊት ምን እንደሆንሁ አገር አይቷል። ጌታዬ፣ ነገሬ አጭር ነው። ልብሱን ለይመር ሰጠሁት፤ ሰፋ። አልሰፋም ይበልና ይካድ እስቲ!»

ዳኛው ወደ ይመር ዞረው፣ ለዚህ ምን ትላለህ፣ ምስክርስ አለህ ወይ አሉት። ይመር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚለውን አያውቅም ነበር። ግራዝማች ያሉትን በጆሮው መለሰው። ከዚያ ከፋሲካ ወዲህ የጠፋበት ፈገግታ ከከንፈሩ ጥግ ብቅ አለ። እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ምስክሬ ግራዝማች ራሳቸው ናቸው፤ ከሳቸው ሌላ አልቆጥርም። ‹ሰጠሁት፣ ሰፋ› አሉ። እውነት ብለዋል፤ አልክድም። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ተሰጥቶት ያልሰፋ ልብስ ሰፊ ሲከሰስ አይቻለሁ፤ የሰፋ ሲከሰስ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ነገሩ በየሰው ጆሮ ዞረ። ከዚያ ችሎቱ ከኋላ ወንበር ጀምሮ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ከሳቁ በላይ ለመሰማት ሲጮሁ ከዘራቸው መሬት ላይ ወደቀ።

«እኔ ሰፋ መች አልሁ? ሰፋ ነው እንጂ ያልሁት!»

የችሎቱ ጸሐፊ ብዕሩን ከቀለሙ አንስቶ ቆመ። አቀርቅሮ የጻፈውን አየ፤ ግራዝማችን አየ፤ ተጨንቆ ወደ ዳኛው ቀና አለና፣ ጌታዬ የትኛውን ልጻፍ ሲል ጠየቀ። ዳኛው አቶ ሸዋንግዛው፣ ያ ቀልድ የማይወዱት ሽማግሌ፣ ፂማቸውን ይዘው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሁለቱንም ጻፋቸው» አሉ በመጨረሻ። «ከሁለቱ ክስ የሚሆን ካገኘህበት እኔን ጥራኝ።»

ፍርዱም ብዙ አልዘገየም። ሰውነት ሲለወጥ ልብስ ሰፊ አይጠየቅም ተባለ። ይመር ከበረንዳው እንዳይነሳ፣ ግራዝማችም ሰውየውን በከንቱ ስላመላለሱት አንድ ጠቦት እንዲሰጡት ተፈረደ። ግራዝማች ካባቸውን አንስተው ወጡ። ኪልቱን ማውለቅ ረስተው ስለነበር ደሴን ከላይ እስከ ታች በእሱ አቋረጧት። ደግሞ አማረባቸው፤ ያን ዕለት ያያቸው ሁሉ ልብሱ ልክ ነበር ሲል መሰከረ።

ይመር ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት አይነካም። ለመዲና ታሪኩን ሲነግራት ‹ሰፋ› የምትለዋ ቦታ ላይ እየደረሰ በሳቅ ይቋረጣል፤ እሷም ገና ሳትሰማው ትስቃለች። ጎረቤት ተጠራ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ተነገረ።

በማግስቱ የግራዝማች አሽከር የተፈረደውን ጠቦት በገመድ እየጎተተ በረንዳው ድረስ አመጣ። ግራዝማች ከበረታቸው ሁሉ መርጠው የላኩት ነው። ጎድን ጎድኑ ይቆጠራል፤ ነፋስ ሲመጣ ከአሽከሩ እግር ይጠጋል። አሽከሩ በሀፍረት አንገቱን ደፍቶ፣ ለጌታዬ ምን ልበልልህ አለው።

ይመር ጠቦቱን ዞሮ አየው። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውርዶ ወገቡን ለካው።

«ጠቦቱ ደርሶኛል በልልኝ» አለ። «ስሙ አልዋሸም፣ እውነትም ጠቦ ነው የመጣው። ግዴለም፣ እኔ አሰፋዋለሁ።»